ሁለቱን አረንጓዴ አርሴኔቶች መለየት፦ ከቶልባቺክ የመጣ ናሙና እጅዎ ሲገባ

ናሙናው ጥቁር፣ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በአንድ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ተለጥፎበታል። አብሮት ያለው ወረቀት «ኤሪክላክስማናይት፣ ቶልባቺክ፣ ካምቻትካ» ይላል። እንዲህ ያለ ናሙና ገዝተው፣ ወርሰው ወይም በስጦታ ተቀብለው ከሆነ ሁለት ነገር ልለምንዎት። ወረቀቱን እንደ ወሬ እንጂ እንደ ማስረጃ አይውሰዱት፤ ድንጋዩንም በባዶ እጅዎ አይንኩት።

የምሠራው በማዕድን ክምችት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው ሌሎች ስም ያወጡላቸው ጠጠሮች ስማቸው ይገባቸው እንደሆነ መመርመር ነው። በእሳተ ገሞራ ጋዝ የተፈጠሩ አርሴኔቶችን (አርሴኒክና ኦክስጅን የተጣመሩባቸውን ማዕድናት) ያህል ትዕግሥቴን የሚፈትን ማዕድን አላጋጠመኝም። ጥቃቅን ናቸው፣ አብዛኞቹ አረንጓዴ ናቸው፣ መርዛማ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቅርጽ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ከዚህ በታች የማቀርበው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ናሙናው አንድ ፍንጣሪ ብቻ ሊሆን ስለሚችል የሚያጠፋ ሙከራ ከማያጠፋ ሙከራ ፊት መቅደም የለበትም።

ከየት እንደመጣ ማወቅ

ቶልባቺክ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ በካምቻትካ ልሳነ ምድር ላይ የሚገኝ እሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1976 ድረስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ታላቁ የስንጥቅ ፍንዳታ የሚባለው ተካሂዶበታል። ምድር ተሰንጥቃ ከወጣው ጠጠርና አመድ አዳዲስ ኮረብታዎች ተከመሩ። በሰሜናዊው ስንጥቅ ላይ ከተከመሩት ሁለተኛው፣ ቁመቱ 300 ሜትር ገደማ የሆነው፣ ዛሬ በማዕድን ሊቃውንት ዘንድ ከትልልቅ የማዕድን ማውጫዎች የማያንስ ስም አለው። ኮረብታው ከተከመረ ከ35 ዓመታት በኋላም ከሥሩ ትኩስ ጋዝ ይወጣ ነበር። ጋዙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ፉማሮል ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸውም ስም አላቸው። አንዱ «ያዶቪታያ» ይባላል፤ መርዘኛዋ ማለት ነው። ሌላው በጁላይ 2012 የማዕድን ተመራማሪው ኢጎር ፔኮቭና የሥራ ባልደረቦቹ ያገኙት «አርሴናትናያ» ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እሳተ ገሞራው እንደገና ፈነዳና ለወራት ላቫ አፈሰሰ፤ ኮረብታውና ፉማሮሎቹ ግን ተረፉ።

ለሥራችን የሚጠቅመው ቁም ነገር የሙቀቱና የአየሩ ጉዳይ ነው። በአርሴናትናያ ውስጥ አዲስ በተከፈቱ ክፍተቶች የተለካው ሙቀት ከ360 እስከ 380 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ጋዙ ከሥር መዳብ፣ አርሴኒክ፣ ዚንክ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል፤ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም ደግሞ ግድግዳ ከሆነው ባዛልት ይገኛሉ። በዚህ ላይ የከባቢ አየር ኦክስጅን ይቀላቀላል። ስለዚህ አርሴኒኩ ከአራት ኦክስጅኖች ጋር ተጣምሮ አርሴኔት ይሆናል። በጣሊያኗ የቩልካኖ ደሴት ፉማሮሎች ኦክስጅን ስለሚያንስ አርሴኒክ ከድኝና ከብረታ ብረት ጋር ተጣምሮ ግራጫ ማዕድን ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቅርፊት ከዚያ አይጠበቅም። ሙቀቱ ከፍተኛ ስለሆነም እዚህ የምንነጋገርባቸው የመዳብ አርሴኔቶች በውስጣቸው ውኃ የላቸውም፤ ሃይድሮጅን ጭራሽ የለባቸውም። ይህን ይያዙልኝ፣ በሌዘር ብርሃን የአቶሞችን ንዝረት በሚያነበው በራማን ምርመራ ጊዜ ያስፈልገናል።

ከዳሎል አረንጓዴ ነገር አምጥተው «ይህስ አርሴኔት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አይደለም። ዳሎል የጨውና የአሲድ ውኃ ቦታ ነው፤ የኩሬዎቹ አረንጓዴነት በአሲዱ ውስጥ ከሟሟው ብረት ይመጣል፣ ሲደርቅም የሚቀረው በአብዛኛው በውኃ የሚሟሟ ጨው ነው። የመዳብ አርሴኔት በውኃ ጠብታ አይሟሟም።

ሁለቱ ማዕድናት

እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ከአርሴናትናያ የተገኙ ሁለት አዳዲስ ማዕድናትን አጸደቀ። ኤሪክላክስማናይት የተሰየመው ከ1737 እስከ 1796 በኖረው የሳይቤሪያ ተመራማሪ በኤሪክ ላክስማን ነው፤ ኮዚሬቭስካይት ደግሞ ከ1680 እስከ 1734 በኖረው፣ ካምቻትካንና የኩሪል ደሴቶችን ከቀዳሚዎቹ መካከል ሆኖ ባሰሰው በኢቫን ኮዚሬቭስኪ ነው።

ችግሩ የሁለቱም ኬሚካዊ ቀመር አንድ መሆኑ ነው፤ አራት መዳብ፣ አንድ ነጠላ ኦክስጅንና ሁለት የአርሴኔት ቡድን። ያ ነጠላ ኦክስጅን ከአርሴኒክ ጋር አልተያያዘም፤ የሚያቅፉት የመዳብ አቶሞች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያሉ ውሁዶች ኦክሶ አርሴኔት ይባላሉ። ከአንድ ጤፍ እንጀራም ቂጣም እንደሚወጣ ሁሉ፣ እዚህም ከአንድ ቀመር ሁለት የተለያዩ የአቶም አደራደሮች ወጥተዋል። ኤሪክላክስማናይት ትራይክሊኒክ ነው፤ ከክሪስታል ሥርዓቶች ሁሉ ዝቅተኛው የተመጣጣኝነት ደረጃ ያለው። ኮዚሬቭስካይት ኦርቶሮምቢክ ነው፤ ሦስቱ አቅጣጫዎቹ እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ይገናኛሉ። እንግዲህ ምን ያህል መዳብና ምን ያህል አርሴኒክ እንዳለ በጥንቃቄ ቢለኩም ሁለቱን አይለዩም። ይህን ሳይገነዘቡ የኬሚካል ትንተና ብቻ አሠርተው ስም የሚጽፉ ሰዎች ናቸው ሥራ የሚያበዙብኝ።

ከመንካትዎ በፊት

በክብደት ከተሰላ ከዚህ ማዕድን 27.3 በመቶው አርሴኒክ ነው። ቅርፊቱ ራሱ እዚያው ተቀምጦ ማንንም አይገድልም፤ አደገኛው ዱቄቱ ነው። ስስ የላቦራቶሪ ጓንት ያድርጉ። ከናሙናው ሥር ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፤ የረገፈውን ፍንጣሪ በወረቀቱ ሰብስበው በትንሽ ማስቀመጫ ያኑሩት እንጂ በአፍዎ እፍ አይበሉት። በሥራው ጠረጴዛ ላይ ቡና አይቅረብ። ሲጨርሱ ጠረጴዛውን በእርጥብ ወረቀት ይጥረጉት፤ ደረቅ ብሩሽ ዱቄቱን አየር ላይ ይበትነዋል።

የቆዩ የማዕድን መማሪያዎች ማዕድኑን በከሰል ላይ አቃጥለው የነጭ ሽንኩርት ሽታ እንዲፈልጉ ይመክራሉ። ሽታው እውነት ነው፤ የሚሸተው ግን ወደ ሳንባዎ የሚገባው የአርሴኒክ ጭስ ነው። ይህን ሙከራ ለታሪክ ይተዉት። አሲድና ዚንክ ደግሞ በአንድነት ወደዚህ ናሙና አያስጠጉ። ጄምስ ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1836 አርሴኒክን ለማጋለጥ የተጠቀመበት ዘዴ ይኸው ነው፤ የሚወጣውም አርሲን የተባለ እጅግ መርዛማ ጋዝ ነው። ማርሽ ጥሩ ምክንያት ነበረው፤ እርስዎ የለዎትም።

ከእርጥበት መጠበቅ

አርሴኔቶቹ ራሳቸው በተራ አየር ውስጥ ይቆያሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ግን አይቆዩም። በቶልባቺክ ድንጋይ ላይ ከአርሴኔቱ ጋር የመዳብ ሰልፌትና ክሎራይድ አብሮ ሊኖር ይችላል። ቡናማው ቶልባቻይት የመዳብ ክሎራይድ ሲሆን ከአየር እርጥበት ስቦ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ማዕድን ይለወጣል። የመዳብ ሰልፌት የሆነው ቻልኮሳያናይትም ውኃ ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። ናሙናው እንደደረሰዎ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለበት፣ በደንብ ከሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ያስገቡት። አቧራ አየሁ ብለው በውኃ አይጠቡት። ጥቃቅን ክሪስታሎቹን ደግፎ የያዛቸው ነገር የሚሟሟ ሰልፌት ከሆነ፣ ታጥቦ የሚሄደው ያገኙት ዋና ነገር ሊሆን ይችላል።

ሣጥኑን ሲከፍቱ ባለፈው ያልነበረ ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ ካዩ ናሙናው እርጥበት እያገኘ ነው ማለት ነው። ሰማያዊውን እንደ አዲስ ግኝት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል።

በማይክሮስኮፕ ማየት

ትልቅ ማጉያ አያስፈልግም፤ ከ10 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕና ከጎን የሚመጣ ነጭ ብርሃን ይበቃሉ። ቢጫ አምፑል አይጠቀሙ፤ በቢጫ ብርሃን ሁሉም አረንጓዴ የወይራ ቀለም ይይዛል፣ ወደ ታች የማነሳው ፖፖቫይት የተባለ ሌላ የመዳብ አርሴኔት ደግሞ በትክክል የወይራ ቀለም ያለው ነው።

ኤሪክላክስማናይት ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ክሪስታሎቹ ከ0.1 ሚሊሜትር አያልፉም፤ ጠፍጣፋ፣ ስስ ወይም ድብልብል ናቸው። ኮዚሬቭስካይት ደማቅ የሣር አረንጓዴ ሲሆን አንዳንዴ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ረዘም ባሉ ዘንጎች ያድጋል፣ እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሁለቱም ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ሁለቱም እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱም ተሰባሪ ናቸው። እንግዲህ ጠፍጣፋና ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ወደ መጀመሪያው፣ ዘንግና የሣር ቀለም ከሆነ ወደ ሁለተኛው መጠርጠር ይቻላል። በማስታወሻዎ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን «ይመስላል» ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁ ወጥመድ። ከ0.1 ሚሊሜትር አይበልጥም ባልኩት ማዕድን ምትክ እስከ 1.5 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ደንበኛ የክሪስታል ቅርጽ ያለው አረንጓዴ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። ያ ቅርጽ የሌላ ማዕድን ቅርጽ ነው። ኡሩሶቫይት የተባለው የመዳብና የአሉሚኒየም አርሴኔት አስቀድሞ በትልልቁ ያድጋል፤ በኋላ ኤሪክላክስማናይት ይተካዋል፣ ግን ውጫዊ ቅርጹን ጠብቆ ነው። ላዩ ኡሩሶቫይት ይመስላል፤ ሥጋው ኤሪክላክስማናይት ነው። የተተካውን ለመለየት የተሰበረ ጠርዝ ይፈልጉ። ያልተተካ ኡሩሶቫይት ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲሆን በንብርብር ይላጣል፤ የተተካው ግን ሲሰበር ውስጡ የደቃቅ ክሪስታሎች ክምችት ሆኖ ይታያል። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ የምወደው ይህን የተሰበረ ጠርዝ መፈለግ ነው፤ ከማሽን በፊት ዓይን በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ እሱ ነው።

በዙሪያው ያሉትንም ይመዝግቡ። ጥቁር ብረታማ ቅጠሎች ቴኖራይት፣ ማለትም የመዳብ ኦክሳይድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወደ ቀይ የሚያደላው ጥቁር ሄማታይት። ነጭ ወይም ቀለም የለሽ ቅርፊት ላንግቤናይትን የመሰለ ሰልፌት ወይም አላርሳይት የተባለው የአሉሚኒየም አርሴኔት ይሆናል። ጠልቆ ሰማያዊ የሆነው ብራዳቼካይት ሊሆን ይችላል። በዚህ ቦታ አርሴኒክ የማይገባበት የለም፤ ተራ የሚባለው ፌልድስፓር እንኳ አርሴኒክ ይዞ ይገኛል። የተጓዳኞቹ ዝርዝር ድንጋዩ በእውነት ከዚያ ቦታ የመጣ መሆኑን ለመገመት ይረዳል።

የማይደረጉ ሙከራዎች

ጥንካሬያቸው በሞስ መለኪያ 3½ ገደማ ነው፤ የብረት ቢላ ይፍቃቸዋል ማለት ነው። ግን አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የሆነን ክሪስታል ቢፍቁት የሚያገኙት ቁጥር ሳይሆን መርዛማ ዱቄት ነው፤ ከዚያም በላይ ሁለቱ ማዕድናት በጥንካሬ እኩል ስለሆኑ ምንም አይነግርዎትም። በሸክላ ሰሌዳ ላይ ማስመርም እንደዚሁ ነው። እፍግታን በውኃ ውስጥ መዝኖ ማግኘት በዚህ መጠን አይቻልም፤ በስሌት ይገኛል፣ እደርስበታለሁ።

የብርሃን ስብረት መጠንስ? የኤሪክላክስማናይት ከ1.87 እስከ 1.915 ነው፤ የተራ መስታወት 1.52 አካባቢ ነው። ይህ ልዩነት ክሪስታሉ በዘይት ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል፤ ከብዙዎቹ ቀላል ሰልፌቶች በፍጥነት ይለየዋል። ትክክለኛውን ቁጥር ለመለካት ግን ስብረታቸው ከ1.8 የሚበልጥ ፈሳሾች ያስፈልጋሉ፤ እነዚያ ፈሳሾች ራሳቸው የሚሠሩት ከአርሴኒክ ውሁዶች ነው። የአርሴኒክ ማዕድንን በአርሴኒክ ፈሳሽ መለካት ለሥነ ጽሑፍ ያምራል፣ ለቤት ግን አይሆንም።

መዳብና አርሴኒክን መቁጠር

አሁን ፍንጣሪውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ቤተ ሙከራ መውሰድ ነው። ከመሣሪያው ጋር የተያያዘው የኤክስሬይ መለኪያ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ያሳያል። ባለሙያው ብዙ ዓይነት ናሙና ስለሚያይ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ መንገር ነው። እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ኤሌክትሮኖቹ በ20 ኪሎ ቮልት ይላኩ። የአርሴኒክ ዋና የኤክስሬይ መስመር (ንጥረ ነገሩ የሚታወቅበት የኃይል ቦታ) በ10.54 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፤ የመዳብ በ8.05። ዝቅ ባለ ኃይል ከተሠራ እነዚህ መስመሮች በደንብ አይነሡም፤ ያኔ ባለሙያው በ1.28 ላይ ወዳለው ደካማ የአርሴኒክ መስመር ይሄዳል። እሱ ደግሞ በ1.25 ካለው የማግኒዚየም መስመር ጋር ይጋጫል። ሶዲየምና ዚንክም 1.04 እና 1.01 ላይ እንዲሁ ይጣበቃሉ። በዚህ ቦታ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ዚንክ ያሉባቸው አርሴኔቶች በብዛት ስላሉ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እርሳስ መኖሩና አለመኖሩ በሌላ መስመር ይረጋገጥ። የእርሳስ መስመር 10.55 ላይ ነው፤ ከአርሴኒኩ ጋር ሊለይ በማይችል ሁኔታ ይደራረባል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ውጤቱ በክብደት ሳይሆን በአቶም ቁጥር ይሰጠኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው ማካፈል ብቻ ነው። መዳብን ለአርሴኒክ ሲያካፍሉ 1.5 ከመጣ ላመራይት የተባለው ሌላ የመዳብ አርሴኔት ወይም የእሱ ሌላ መልክ የሆነው ላመራይት ቤታ ነው። 2 ከመጣ ከሁለቱ ማዕድኖቻችን አንዱ ነው። 2.5 ከመጣ ፖፖቫይት ነው፤ ሁለት ነጠላ ኦክስጅን ያለው፣ የወይራ አረንጓዴ። 1 መጥቶ ከጎኑ አሉሚኒየም ካለ ኡሩሶቫይት ነው። ሶዲየም ኖሮ ወደ 1.33 ከቀረበ ሰማያዊው ብራዳቼካይት ነው። ከአርሴኒክ ይልቅ ድኝ ጎልቶ፣ ፖታሲየምና ሶዲየም አብረው ከታዩ ደግሞ ዩክሎሪን ይሆናል፤ በመጀመሪያ በቬሱቪየስ የታወቀ ብሩህ አረንጓዴ ሰልፌት ነው፣ ብዙ የ«አርሴኔት» ወረቀቶችም በእሱ ላይ ተለጥፈው አይቻለሁ።

ሻካራ ገጽ ላይ የተለካ ቁጥር ይወላገዳል፤ 2 ሊሆን የሚገባው 1.8 ወይም 2.2 ሊመጣ ይችላል። ከአንድ ክሪስታል ይልቅ የተለያዩ ክሪስታሎችን ያስለኩ። ጥርጣሬ ከቀረዎት ፍንጣሪው በሙጫ ተይዞ ይለስለስና በሚታወቅ መመዘኛ ይለካ። ለስላሳው ገጽ ላይ በኦክሳይድ ሲሰላ ንጹሑ ቀመር 58.06 በመቶ የመዳብ ኦክሳይድና 41.94 በመቶ የአርሴኒክ ኦክሳይድ መስጠት አለበት። የላመራይቱ የመዳብ ኦክሳይድ 50.9፣ የፖፖቫይቱ 63.4 ስለሆነ እዚህ ላይ የሚያምታታ ነገር የለም።

ሃይድሮጅን አለመኖሩን ማረጋገጥ

የኤክስሬይ መለኪያው ሃይድሮጅንን አያይም። ራማን የተባለው ምርመራ ያን ክፍተት ይሞላል፤ ናሙናውንም አያጠፋም። የአርሴኔት ቡድን ዋና ንዝረቶች ከ700 እስከ 950 ባለው የሞገድ ቁጥር ውስጥ ይታያሉ። በ1000 አካባቢ ስለታም ጫፍ ካለ ሰልፌት ገብቷል። ከ3000 እስከ 3700 ያለው ክልል ባዶ መሆን አለበት። እዚያ ጉብታ ካለ ውኃ ወይም ሃይድሮክሲል አለ፤ ያኔ የያዙት በፉማሮል ሙቀት የተፈጠረ ሳይሆን በኋላ በዝናብና በእርጥበት የተለወጠ ነገር ነው። ጥቁር አረንጓዴ ክሪስታል ሌዘሩን ይመጥጠዋልና በዝቅተኛ ኃይል እንዲጀመር ይጠይቁ፤ ያለዚያ የሚለኩት በሌዘሩ የተቃጠለውን ቦታ ይሆናል።

አደራደሩን ማየት

ማካፈሉ 2 ሰጥቶ፣ ራማኑ ውኃ የለበትም ካለ በኋላ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፣ የትኛው? የሚመልሰው በክሪስታል ውስጥ የሚያልፍ ኤክስሬይ ነው። አንድ ንጹሕ ክሪስታል፣ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የማይሞላው እንኳ፣ በቀጭን የመስታወት ክር ጫፍ ተለጥፎ ይሽከረከራል፤ መሣሪያው ከተበተነው ኤክስሬይ ተነሥቶ እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራውን የትንሹን ሣጥን ጎኖችና ማዕዘኖች ያሰላል። ዱቄት አድርጎ መለካትም ይቻላል፤ ግን በዚህ መጠን ከጎረቤት ማዕድናት የጸዳ ዱቄት መሰብሰብ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ነጠላውን ክሪስታል እመርጣለሁ።

የሚጠብቁት ይህን ነው። የኤሪክላክስማናይት ሣጥን ጎኖች 6.43፣ 7.66 እና 8.22 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ናቸው፤ ማዕዘኖቹ 98.4፣ 112.4 እና 98.4 ዲግሪ። የኮዚሬቭስካይት ጎኖች 8.26፣ 6.40 እና 13.80 ሲሆኑ ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ናቸው። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ሙሉውን አወቃቀር መፍታት አያስፈልግም፤ ሣጥኑን ማግኘት ብቻ ይበቃል፣ ይህም ለሠለጠነ ባለሙያ አጭር ሥራ ነው። «ሙሉ ጥናት ካልሆነ አንሠራም» ካሉዎት ሣጥኑን ብቻ እንደሚፈልጉ ደግመው ይንገሯቸው።

እፍግታውን እዚሁ ላይ በእርሳስና በወረቀት ማስላት ይቻላል። የአንዱ ቀመር የአቶም ክብደት 548.02 ነው። በኮዚሬቭስካይት ሣጥን ውስጥ አራት ቀመሮች አሉ፤ ድምሩ 2192.1። ሦስቱን ጎኖች ሲያባዙ ይዘቱ 729.9 ኪዩቢክ አንግስትሮም ይመጣል (ይህን ያገኘሁት 8.2581፣ 6.4026 እና 13.8047 የሚሉትን ሙሉ ቁጥሮች ይዤ ነው)። ክብደቱን በ1.6605 (የአቶም ክብደትንና አንግስትሮምን ወደ ግራምና ሴንቲሜትር በሚቀይረው ቁጥር) አባዝተው ለይዘቱ ያካፍሉ፤ 4.99 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። የማዕድኑ የታተመ ስሌት 4.934 ነው። የሚጎድለው ትንሽ ቁጥር የተፈጥሮ ክሪስታል የወረቀት ቀመርን ስለማይከተል ነው፤ በከባዱ አርሴኒክ ቦታ ፎስፎረስን የመሰለ ቀላል ንጥረ ነገር ጥቂት ሲገባ እፍግታው ይወርዳል። ለኤሪክላክስማናይት በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ቀመሮች አሉ፤ ይዘቱ 361 ገደማ ነው። ስሌቱ 5.04 ይሰጣል፣ የታተመው 5.036 ነው። ከሁለቱ ጥብቅ ብሎ የተደረደረው ኤሪክላክስማናይት ነው ማለት ነው፣ በአንድ በመቶ ያህል። እርስዎ ያሰሉት ከነዚህ ርቆ 4 ወይም 6 ከመጣ ማሽኑን ከመውቀስዎ በፊት የቀመሮቹን ቁጥር ይመልከቱ።

ሁለቱ ማዕድናት በአንድ ቅርፊት ላይ አብረው ይበቅላሉ። አንድ ክሪስታል ኮዚሬቭስካይት ሆነ ማለት ጎረቤቱም ነው ማለት አይደለም። በቀለምም በቅርጽም የሚለዩ ካሉ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ማስመርመር ይበጃል። አቅም የሚፈቅደው አንድ ብቻ ከሆነ ዘንግ የሆነውን ሳይሆን የሚያጠራጥረውን ይምረጡ።

ወረቀቱን መጻፍ

የታወቁት የመጀመሪያ ናሙናዎች በሞስኮው የፈርስማን የማዕድን ሙዚየም ይገኛሉ፤ እዚያ ያሉት ወረቀቶች ከስም በላይ ይናገራሉ፣ የእርስዎም ይናገር። የፉማሮሉ ስም ከታወቀ ይጻፍ፤ «ቶልባቺክ» ብቻውን በቂ አይደለም። ካልታወቀ በግምት አይሞላ። ቀጥሎ ምን እንደተለካ ይጻፍ። ክሪስታሉ በኤክስሬይ ካልታየ ኤሪክላክስማናይት ብለው አይጻፉ፤ «የመዳብ ኦክሶ አርሴኔት፣ መዳብ ለአርሴኒክ 2፣ አደራደሩ ያልታየ» ይበሉ። ሰብሳቢዎች ይህን አይወዱትም፤ ስሙ ሲጎድል ዋጋው ይጎድልብናል ይላሉ። ይጉደል።

የተመረመረው ክሪስታል ከናሙናው የትኛው ጥግ እንደተወሰደ በፎቶግራፍ ላይ በቀስት ይጠቆም። አሮጌውን ወረቀት አይጣሉት፤ ስሕተት ቢሆንም ናሙናው በማን እጅ እንዳለፈ የሚናገረው እሱ ነው፣ ከአዲሱ ሥር አጥፈው ያስቀምጡት። በሣጥኑ ክዳን ላይ «አርሴኒክ አለበት» የሚል በጉልህ ይጻፍ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይቆለፍ። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተዘጋጀው ፍንጣሪ በካርቦን ስለተለበጠ ጠቁሯልና ከዋናው ናሙና ጋር አይመልሱት፤ በራሱ ማስቀመጫ ውስጥ «በካርቦን የተለበጠ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይቀመጥ፣ ያለዚያ ቀጥሎ የሚያየው ሰው ቴኖራይት ብሎ ይመዘግበዋል።